ወደ ውስጥ የሚባል አዎ

ጉራ ካልነዛሁ ወሬ አይጥመኝም፤ ስለዚህ ከጉራው ልጀምርና እንገላገል። በከተማችን ብርድ ያልደፈረው ሰው ካለ እኔ የሰፋሁለት ሰው ነው። ሠላሳ አራት ዓመት ካፖርት ሰፍቻለሁ። ሱሪ አልሰፋም፣ ሸሚዝ አልነካም፣ ቀሚስ ይዛ የመጣችን ሴት ደግሞ በትሕትና አሰናብታለሁ፤ ትሕትናዬን ግን እስካሁን የመሰከረልኝ የለም። ከተማዋ ከዓመቱ ዘጠኙን ወር ጉም ውስጥ ስለምትውል ሥራ ጠፍቶብኝ አያውቅም። ሰዉ ስሜን ትቶ «ጋሽ ካፖርት» ይለኛል። እኔም ስሜን ረስቼው ኖሬ ፓስፖርት ላወጣ ስሄድ ነው ያስታወሱኝ።

ታዲያ ይህ ታላቅ ሰው በስድሳ ሦስት ዓመቱ፣ ካፖርት የሚባል ነገር በሕልሙም የማያይ ሕዝብ ወዳለበት የባሕር ዳርቻ አገር ጓዙን ጠቅልሎ ሄደ።

ሰበቡ የባለቤቴ ትንፋሽ ነው። አስም አለባት። ጉሙ በወረደ ቁጥር ደረቷ ይዘጋል፤ ደጃችን ላይ ያሉትን አምስት ደረጃዎች ሁለት ጊዜ አርፋ ነው የምትወጣቸው። አንድ ነገር ልትነግረኝ ጀምራ መሃል ላይ ቆማ አየር ትፈልጋለች፤ እኔ ደግሞ ትዕግሥት ስለሌለኝ የቀረውን ገምቼ እጨርስላታለሁ፤ ብዙ ጊዜም እስታለሁ። ባለፈው ክረምት ሁለት ጊዜ ሆስፒታል ተኛች። በሁለተኛው ሐኪሙ ለብቻዬ ጠራኝና፣ «ሌላ እንዲህ ያለ ክረምት አትችልም፤ የአየር ለውጥ ያስፈልጋታል» አለኝ። ስለ አየር ለውጥ በሬዲዮ ብዙ ሰምቼ ስለነበር፣ «እሱማ መላው ዓለም ተቸግሮበታል» ብዬ ማብራራት ጀመርኩ። መነጽሩን አውልቆ ትክ ብሎ አየኝ። «ጋሽ ካፖርት፣ ሞቃት አገር ይውሰዷት ነው የምልዎት» አለኝ።

ልጃችን እንዲህ ባለ ሞቃት አገር፣ ባሕሩ አፍ ላይ ባለ ሆቴል ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ናት። ስንት ዓመት «ኑ» ስትለን እንቢ ያልኩት እኔው ነኝ። አሁን ግን ስልክ ደውዬ፣ «ለእናትሽ ስል ሁሉን ትቼ እመጣለሁ» አልኳት። ይህችን «ለእናትሽ ስል» የምትለዋን ነገር ወደድኳት። ሱቁን እየዘጋሁ ለደንበኛው፣ ለጎረቤቱ፣ ለፖስታ ቤቱ ዘበኛ ሳይቀር፣ «ምን ላድርግ፣ ለሷ ስል ነው» እያልኩ ስንቱን ከንፈር አስመጠጥኩት። የታመምኩት እኔ የመሰላቸው ሰዎች ብርቱካን ይዘው ሊጠይቁኝ መጡ፤ አላረምኳቸውም። ብርቱካኑንም በላሁ።

ከመሄዳችን በፊት ባለቤቴን አንድ ነገር ቃል አስገባኋት። «ሦስት ወር እንሞክር፤ እኔን ካልተመቸኝ እንመለሳለን።» እሷም «እሺ» አለች። ሴትዮዋ እሺ ካለች አለች ነው፤ ዓለም ቢገለበጥ ቃሏን አታጥፍም። ይህንን አውቄ ነው ያስገባኋት። የመመለሻው ትኬት ገና ሳንሄድ ተቆርጦ ኪሴ ውስጥ ገባ።

የጉዞው ቀን ሁለት ካፖርት ደርቤ ተሳፈርኩ። ሻንጣው ሞልቶብኝ ነው ያልኩት ውሸት ነበር። የዚያ አገር ሰው ስፌቴን ሲያይ ገና አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ይሻማብኛል ብዬ ነው። የአውሮፕላኑ በር ሲከፈት ሙቀቱ በጥፊ መታኝ። ደረጃውን ወርጄ ሳልጨርስ ገበሩ ጀርባዬ ላይ ተለጠፈ፤ ላቤ ቅንድቤን አልፎ አፌ ገባ። የተሻማብኝ የለም። ሰዉ መንገድ ይለቅልኝ ነበር። ልጃችን በቁምጣ ቆማ ስትጠብቀን አገኘናት፤ ለሦስት ዓመት ያላየችኝ ልጄ የመጀመሪያ ቃሏ «አባዬ፣ አሞሃል እንዴ?» የሚል ሆነ። ባለቤቴ ከጎኔ ቆማ ያንን አየር አንዴ ሳበችው፤ ደግማ ሳበችው። ሻንጣውን ለመጎተት ተጣድፌ ስለነበር ያን ጊዜ ልብ አላልኩትም።

ቤቱ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍት የለውም። ሁለት ክፍል፣ የሚያንሸራትት ነጭ ወለል፣ ሁለት ወንበር ብቻ የምትይዝ በረንዳ። የታጠበ ልብስ በረንዳው ላይ ሲሰጣ አንድ ሻይ ጠጥተህ ሳትጨርስ ይደርቃል። የመስኮቱ መስታወት ጨው ስለሚይዝ በጣት ሲጽፉበት ይነበባል። ካፖርቶቼን በሩ ጀርባ ሰቀልኳቸው፤ በሁለተኛው ሳምንት ኮሌታቸው ሻገተ። ሠላሳ አራት ዓመት ዝናብ፣ ጉምና ውርጭ ያልበገረው ሙያዬ በባሕር ላብ ሻገተ።

ባለቤቴ በመጀመሪያው ሳምንት እያንዳንዱ ፎቅ ላይ እየቆመች ነበር የምትወጣው። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ጊዜ ብቻ ቆመች። ከዚያ በኋላ እኔ ስነቃ ወጥታ፣ ዳቦ ገዝታ፣ ከታች ቤት ሴትዮ ጋር በእጅ ምልክት ወሬ ሰልቃ ትመለሳለች። ነጠላ ጫማ ገዛች። ባሕሩ ውስጥ መጀመሪያ እስከ ቁርጭምጭሚት፣ ቀጥሎ እስከ ጉልበት፣ በመጨረሻ እስከ ወገቧ ገባች። እኔ አሸዋው ላይ በሱሪና በካልሲ ተቀምጬ ጥበቃ ላይ ነበርኩ። ምኗን እንደምጠብቅ አላውቅም፤ መዋኘት አልችልም። እርቃኑን የቀረው ሕዝብ በፊቴ ሲያልፍ ዓይኔ ልክ ይወስዳል። ያንን ትከሻ እያየሁ «ምን ዓይነት ካፖርት ያምርበት ነበር» እላለሁ። አንዱ ጎረምሳ ትከሻውን አፍጥጬ ሳየው ፎጣውን ጎትቶ ተሸፈነ።

ማማረር ጀመርኩ። የማማረር ተሰጥኦ እንዳለኝ ያወቅሁት እዚያ ነው። ባሕሩ አይተኛም። ፀሐይዋ ሌላ ሥራ የላትም። ወንበሩ ዝቅ ያለ ነው። ቀን ቀን ባለቤቴ እንድትሰማኝ አድርጌ በረጅሙ እተነፍሳለሁ፤ ትንፋሽ ያጠረው ማን እንደሆነ የማያውቅ ሰው ቢያይ በኔ ያዝን ነበር። «ለመሆኑ ተመችቶሻል?» እላታለሁ፣ አልተመቸኝም እንድትል። «አንተስ?» ትለኛለች። እንደገና እተነፍሳለሁ።

ብንመለስ እሷ ምን እንደምትሆን አውቅ ነበር። ሐኪሙ ነግሮኛል። እኔ ግን ለራሴ፣ «እሱ ገና ልጅ ነው፣ ያጋንናል» እለው ነበር። ከፍቶኝ ነበር፤ የከፋው ሰው ደግሞ ክፉ ይሆናል። እዚያ ጋሽ ካፖርት ነበርኩ፤ እዚህ የእንግዳ ተቀባይዋ አባት ነኝ። እጄ ምንም ሳይዝ ይውላል፤ ማታ ስተኛ አውራ ጣቴ ክር እንደሚያጠብቅ ሰው ይንቀሳቀሳል።

የመመለሻው ቀን ዘጠኝ ቀን ሲቀረው ልጃችን ሥራ አገኘሁልህ አለችኝ። አሸዋው ላይ የሚተከሉትን ትልልቅ ጥላዎች የምትሠራ ሴትዮ ሸራ የሚሰፋላት ሰው ትፈልጋለች።

«ሱፍ የያዘ እጅ ሸራ ሊይዝ?» አልኳት።

«አባዬ፣ ሄደህ እየው ብቻ። ካልወደድከው ትመለሳለህ።»

ለመናቅ ብዬ ሄድኩ። ልጃችን የሆቴሉን ጠረጴዛ ትታ መምጣት ስላልቻለች በዚያ አገር ቋንቋ አምስት ቃል አስጠናችኝ፦ ደህና ዋሉ፣ አመሰግናለሁ፣ መርፌ፣ ክር፣ አዎ። አራቱን ይዤ ደረስኩ። «አዎ» የሚለውን መንገድ ላይ ጣልኩት።

ቤቱ ሰፊ መጋዘን ነው፤ ጥቅል ሸራ እስከ ጣሪያ ተደርድሯል፤ መሃሉ ላይ ሁለት ሰው የሚያስተኛ ረጅም ጠረጴዛ አለ። ባለቤቲቱ ደልደል ያለች፣ ሜትር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴት ናት፤ እኔም ሜትሬን አንጠልጥዬ ስለሄድኩ በሱ ተዋወቅን። «ደህና ዋሉ» አልኳት። ደስ አላት። የስፌት መኪናዋን እያሳየች አንድ ነገር ጠየቀችኝ፤ በዚህ ሠርተህ ታውቃለህ ማለቷ ነው። እኔም መለስኩላት።

እንዴት እንደመለስኩላት ልንገራችሁ። እኛ ሰው ሲያናግረን «አዎ፣ ገባኝ፣ ቀጥል» ለማለት አፍ አናባክንም። ትንፋሻችንን ወደ ውስጥ ሳብ እናደርጋለን፤ «ህእ»። ትንሽ የደነገጠ ሰው ይመስላል፤ ግን ደንግጠን አይደለም፣ ተስማምተን ነው። ከናቴ ጀምሮ ሁሉም ሰው እንዲህ ሲል ስሰማ አድጌ፣ ይህ የሌለበት አገር ይኖራል ብዬ አስቤ አላውቅም። ቃሉ ሲጠፋኝ እሱን ተጠቀምኩ። ረጋ ብዬ፣ በአክብሮት፣ «ህእ» አልኳት።

ሴትዮዋ እጇ መኪናው ላይ እንዳለ ቀረ። አየችኝ። ድርብ ስፌት ያለበት ሸራ አንስታ ይህንንስ ትችላለህ አለች። «ህእ።» ወንበር አመጣችልኝ። እንዴት ያለች ሰው አክባሪ ናት ብዬ ተቀመጥኩ። ውኃ አመጣችልኝ፤ «አመሰግናለሁ» ብዬ ጠጣሁ። ከዚያ ጎንበስ ብላ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ በሥጋት ጠየቀችኝ። ገባኝ፤ ሥራውን ከልብህ ነው የምትፈልገው ማለቷ ነው። እኔም እጄን ደረቴ ላይ አደረግኩና ከበፊቱ ጠለቅ አድርጌ፣ ሁለት ጊዜ፣ «ህእ፣ ህእ» አልኳት።

ወደ ጓዳ ጮኸች። ሁለት ሰዎች ሮጠው መጥተው ብብቴን ይዘው ጥቅል ሸራ ላይ አጋደሙኝ፤ እግሬንም ከፍ አድርገው በወንበር ደገፉት። በዚህ አገር ሰው የሚቀጠረው ተኝቶ ይሆናል ብዬ ተመቻችቼ ተኛሁ። ግንባሬ ላይ እርጥብ ጨርቅ ሲያደርጉ ግን ተጠራጠርኩ። አንዱ ፊቴ ላይ እያራገበ ይጠይቀኛል፤ እኔ ጨዋ ነኝና ጥያቄን ያለ መልስ አልተውም። በተስማማሁ ቁጥር ይደነግጣሉ፤ በደነገጡ ቁጥር እኔ አብዝቼ እስማማለሁ። አምቡላንስ መጣ። አፍንጫዬ ላይ ጭንብል ገጠሙልኝ። ከጭንብሉ ሥር «መርፌ» አልኳቸው፣ በመርፌ የምሠራ ሰው ነኝ ልል ፈልጌ። የአምቡላንሱ ሰው ራሱን ነቅንቆ መርፌ ወጋኝ።

ክሊኒኩ ውስጥ ተኝቼ ሳለሁ ባለቤቴና ልጃችን ደረሱ። ባለቤቴ ያንን ረጅም ኮሪደር ሮጣ ነው የመጣችው። «ምን ሆነህ ነው?» አለችኝ። ጭንብሉን እንዳጠለቅሁ ሆድ ባሰኝና ምንም አልሆንኩም ማለት አቃተኝ።

የክሊኒኩ ሐኪም ልጃችንን አስተርጓሚ አድርጎ ባለቤቴን ይጠይቃት ጀመር።

«ይህ የትንፋሽ ማጠር መቼ ነው የጀመረው? ይላል» አለች ልጃችን።

«የቱ የትንፋሽ ማጠር?» አለች ባለቤቴ።

ሐኪሙ ራሱ አስመስሎ አሳያት። «ህእ።»

ባለቤቴ ሐኪሙን አየችው፤ እኔን አየችኝ። «እሱማ ከተጋባን ጀምሮ ነው» አለች። «ሲስማማ ነው እንዲህ የሚያደርገው። ብዙ ጊዜ አይታይበትም በይው።»

ልጃችን ከንፈሯን ነክሳ መተርጎም አቃታት። ሐኪሙ መልስ ሲያጣ ወደ ባለቤቴ ዞረ፤ መድኃኒቷን ከዚያው ስለምትወስድ መዝገቧን ኮምፒውተሩ ላይ አይቶ ኖሮ፣ አስም ያለብዎት እርስዎም ነዎት አይደል ብሎ ጠየቃት። ልጃችን ተረጎመችላት። ባለቤቴ «ህእ» አለች። ሐኪሙ ወንበር ሳበ። እሷም አላት ማለት ነው ብሎ ልጃችንን ሲጠይቃት፣ ያች የተማረች ልጅ፣ ሦስት ቋንቋ የምትናገረዋ፣ ምን ብትለው ጥሩ ነው? «ህእ» አለችው። ሰውዬው ሦስታችንንም ተራ በተራ አየና ሄዶ መስኮቱን ከፈተ።

ያን ጊዜ ባለቤቴ ሳቀች። መጀመሪያ በአፍንጫዋ ነበር፤ ከዚያ ግድግዳው ላይ ተደገፈች፤ ከዚያ ሆዷን ይዛ፣ እንባዋ እየወረደ፣ ድምፅ አውጥታ ሳቀች። እጄ ሳላዘው የትንፋሽ መድኃኒቷን ፍለጋ ወደ ቦርሳዋ ሄደ። ሳሉን ጠበቅሁት። አልመጣም። እሷ ትስቃለች፣ እኔ እጠብቃለሁ። ሳቁ በራሱ ጊዜ አለቀ። ዓይኗን ጠርጋ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ሥራ ልትይዝ ሄደህ አልጋ ይዘህ ተገኘህ?» አለችኝ፤ መሃል ላይ አንዴም ሳትቆም።

ይህንን ሳቅ ከሰማሁት ዘጠኝ ዓመት ሆኖኝ ነበር። ሱቅ ውስጥ ቀልደኛ ነኝ፤ ካፖርት የማያስፈልገው ሰው ሳይቀር ወሬዬን ፈልጎ ይመጣል። ቤት ውስጥም እንዲሁ ነበርኩ። ከዘጠኝ ዓመት በፊት አንድ ምሳ ላይ ያወራሁት ነገር በጣም አሳቃትና ሳቁ ወደ ሳል ዞረ፤ ሳሉ አልቆም አለ፤ ከንፈሯ ጠቆረ፣ እጄ ላይ የምትሞት መሰለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀልዴን ሱቅ ውስጥ ቆልፌበት እየመጣሁ ቤት ውስጥ ጨው የሌለው ሰው ሆንኩ። እየቆየም ይህ ጠባዬ ነው ብዬ ረሳሁት። ክሊኒኩ አልጋ ላይ ተኝቼ፣ ይህችን ሴት ኪሴ ባለው ትኬት ወደዚያ ጉም መልሼ ልወስዳት ዘጠኝ ቀን እንደቀረኝ ትዝ አለኝ። አፈርኩ። ጭንብሉን ማውለቅ አልፈለግኩም።

ሐኪሙ ሳንባህ የሃያ ዓመት ልጅ ሳንባ ነው ብሎ አሰናበተኝ። ልጃችን ለባለ ጥላዋ ደውላ ነገሩን ስታስረዳት ሴትዮዋ ስልኩን ለሠራተኞቿ አቀብላ ሁሉም በየተራ ሳቁብኝ። ሰኞ ሥራ ይጀምር፣ ግን ሲስማማ ራሱን ይነቅንቅ አለች። ልጃችን ወደ ሆቴሏ ተመለሰች፤ እኛ ወደ ቤት ሄድን። እኔ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ቆሜ ጉልበቴን ስይዝ፣ ባለቤቴ ከላይ ሆና በሩን በቁልፍ ስትከፍት ሰማሁ።

በረንዳው ላይ የደረቀውን ልብስ እያወረደች ነበር። ጀርባዋን ሰጥታኝ፣ «ጉዟችን የሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ ነው አይደል?» አለች። «ሻንጣውን ከቁም ሣጥኑ ላይ አውርድልኝ፤ ቀስ እያልኩ ላስገባ።»

በድምፅዋ ውስጥ ቅሬታ የለም። ቃሏን ሰጥታለች፤ እንሂድ ካልኩ ትሄዳለች። ክረምቱ ሲገባ እንደገና እነዚያ አምስት ደረጃዎች ላይ ትቆማለች፤ አንድም ቀን አንተ ነህ ያመጣኸኝ አትለኝም።

«ተይው» አልኳት።

ዞረች። «ለኔ ስትል ከሆነ እንሂድ» አለች። «ለኔ ስትል የኖርካትን ሦስት ወር ችያታለሁ። ዕድሜ ልኬን ግን አልችለውም።»

ኩም አልኩ። ላቀርበው ያሰናዳሁት የመሥዋዕትነት ንግግር ነበረኝ፤ ተውኩት። ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ።

«ለራሴ ነው» አልኳት። «እዚያ ከተመለስን ቤት ውስጥ እንደገና ዝም ልል ነው። ስትስቂ እፈራ ነበር። ዝም ማለቱ ሰለቸኝ።»

እጇ ላይ የነበረውን ሸሚዜን አጠፈችው፤ ዘረጋችውና እንደገና አጠፈችው።

«አውቅ ነበር» አለች። «ከሱቅህ ማዶ ያለችው ፀጉር ሠሪ አንተ ያወራኸውን ሁሉ ትነግረኝ ነበር። በሳምንት ሁለት ቀን እሄድ ነበር።»

«ፀጉርሽን ልትሠሪ መስሎኝ?»

«ምን ፀጉር አለኝና በሳምንት ሁለት ጊዜ የሚሠራ?»

«አያስልሽም ነበር?»

«ያስለኛል። ቁጭ ብዬ እስልና ሲለቀኝ ሌላ ጨምሪልኝ እላታለሁ። ለሱ እንዳትነግሪው፣ ካወቀ ሱቅም ዝም ይላል ብያት ነው።» ሸሚዙን ጉልበቷ ላይ አደረገችና አጠገቤ ተቀመጠች። «ዘጠኝ ዓመት ባሌን ከሰው አፍ ሰማሁት። ያውም ሴትዮዋ ወሬ አትችልም፤ መጨረሻውን መጀመሪያ ትናገረዋለች።»

አንጀቴን በላችኝ። ዓይኔን በእጅጌዬ ጠረግኩ፤ ፀሐይዋ ነች አልኩ፤ አላመነችኝም።

«እስቲ አንድ ንገረኝ» አለች።

አንድም አልመጣልኝ አለ። ስለዚህ የዛሬውን ጀመርኩላት። ባለ ጥላዋ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ስትጠይቀኝ እኔ ምን እንዳለችኝ መስሎኝ እንደነበረ፣ እኔም እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ምን ብዬ እንደመለስኩላት። ይህንን ገና አልሰማችም ነበር። ግማሹ ላይ ሳልደርስ ሳቋ ያዛት፤ ከወንበሯ ተንሸራታ ወለሉ ላይ ተቀመጠች፤ ታች ያለችው ሴትዮ ምን ሆናችሁ ብላ ወደ ላይ አየች። እኔ ግን አላቆምኩም፤ ቀጠልኩ።